ዓይንን የሚለካው ማን ነው? የኦፕቶሜትሪ ሙያ ፈቃድና ከጀርባው ያለው ፊዚክስ

በመርሳ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው የነጋዴውን ሚዛን ካላመነ ሌላ ሚዛን ፈልጎ እህሉን ደግሞ ማስመዘን ይችላል። ጨርቅ የሚገዛም በሜትር የተለካለትን በክንዱ ከንድቶ ያረጋግጣል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ልኬት ግን አለ፤ እርሱም የዓይን ልኬት ነው። መነጽር ሊያሠራ በሄደ ሰው ላይ የሚለካው ዓይኑ ነው፤ የልኬቱን ውጤት የሚመሰክረውም ያው ዓይን ነው። ሚዛኑና ሸቀጡ አንድ በሆኑበት በዚህ ሁኔታ ገዢው ልኬቱን በምን ይፈትሻል?

ብዙዎቻችን ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «መነጽሩን አድርጌ አጥርቼ ካየሁ ምን ቀረኝ?» እንላለን። ይህ መልስ ትክክል ቢሆን ኖሮ መንግሥት በዚህ ሥራ ላይ የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት ባልኖረ ነበር፤ መነጽርንም እንደ ጫማ እየሞከሩ መግዛት በበቃ ነበር። ይሁን እንጂ አጥርቶ ማየትና በትክክል መለካት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመጀመሪያ ልዩነቱን በፊዚክስ ማሳየት ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው በአገራችን በኦፕቶሜትሪ ሙያ ለመሥራት ምን ማሟላት እንዳለበት ያብራራል። በመጨረሻም የፈቃዱ ሥርዓት በሰሜን ወሎ እንደምትገኘው እንደ ግራና ላሉ፣ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቀው ለሚገኙ ከተሞች ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል።

ሦስት ባለሙያዎች፣ ሦስት ሥራዎች

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ዓይን የሚያይልንን ሰው ሁሉ «የዓይን ሐኪም» ማለት ለምደናል። በሙያው ውስጥ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። እርሱ በቅድሚያ ሕክምና ተምሮ ከተመረቀ በኋላ በዓይን ላይ ተጨማሪ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ይወስዳል፤ ቀዶ ሕክምና የሚሠራውም እርሱ ነው። ሁለተኛው ኦፕቶሜትሪስት ነው። የዓይንን ብርሃን የማጠፍ ኃይል ይለካል፣ መነጽር ያዝዛል፣ የዓይን በሽታ ምልክቶችን ለይቶ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪሙ ይልካል። ሦስተኛው ኦፕቲሻን ነው፤ ሥራውም በታዘዘው ቁጥር መሠረት ሌንሱን ቆርጦ ከፍሬሙ ጋር ማስማማትና በደንበኛው ፊት ላይ ማስተካከል ነው።

በአገራችን ከእነዚህ በተጨማሪ በዓይን ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የተዘጋጁ መካከለኛ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ አገልግሎት ሰጥተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ግን በሁለተኛው፣ ማለትም በኦፕቶሜትሪስቱ ላይ ነው።

በጠጉር ውፍረት የሚሠራ ሙያ

ብርሃን ከአየር ወደ ዓይን ሲገባ አቅጣጫውን ይለውጣል። ከዚህ መታጠፍ ትልቁ ክፍል፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል፣ የሚከናወነው ኮርኒያ በሚባለው ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ላይ ነው። የቀረውን ከብሌኑ ጀርባ ያለው የዓይን ሌንስ ያከናውናል። የሁለቱ ድምር ኃይል ወደ 60 ዳዮፕተር ይጠጋል። ዳዮፕተር ማለት 1 በሜትር ለተለካ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የትኩረት ርቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ሌንስ 2 ዳዮፕተር ኃይል አለው እንደ ማለት ነው።

ጤናማ በሆነ ዓይን ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ልክ ሬቲና ላይ ይሰበሰባል። የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ከረዘመ ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ይሰበሰብና ሩቅ ያለው ነገር ይደበዝዛል፤ ይህ ማዮፒያ ይባላል። ኳሱ ካጠረ ደግሞ የትኩረት ነጥቡ ከሬቲና ጀርባ ይውላል፤ ይህም ሃይፐሮፒያ ነው። የኮርኒያ ጉብታ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ከበለጠ አስቲግማቲዝም ይፈጠራል። ለመጀመሪያው መሐሉ የሳሳ፣ ለሁለተኛው መሐሉ የወፈረ፣ ለሦስተኛው ደግሞ እንደ በርሜል ጎን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የጎበጠ ሌንስ ይታዘዛል።

የልኬቱን ጥቃቅንነት ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። የዓይን ኳስ ርዝመት ከልኩ በ1 ሚሊሜትር ቢበልጥ የሚፈጠረው ስሕተት ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር ይደርሳል። የመነጽር ሌንሶች ደግሞ የሚዘጋጁት በ0.25 ዳዮፕተር ልዩነት ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከአንዱ ሌንስ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር የሚያርመው የርዝመት ልዩነት ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህም የአንድ ወፍራም ጠጉር ስፋት ያህል ነው።

የዕይታ ጥራትን የምንለካበት ሰንጠረዥም በማዕዘን ላይ የተመሠረተ ነው። ሆላንዳዊው ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ባዘጋጀው ሥርዓት መሠረት ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚገባው ፊደል በዓይን ላይ 5 የቅስት ደቂቃ የሚሆን ማዕዘን የሚፈጥር ነው። ከ6 ሜትር ርቀት ይህ ፊደል 8.7 ሚሊሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ዕይታው 6/60 የሆነ ሰው ግን ከዚያው ርቀት የሚያነበው 87 ሚሊሜትር የሆነውን ፊደል ነው።

ይህን ወደ ክፍል እናምጣው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ፊደል 5 ሴንቲሜትር ከፍታ አለው እንበል። ዕይታው 6/60 የሆነ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ወደ 3.5 ሜትር መቅረብ አለበት። ከ6 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከኋላ ወንበር፣ የሚታየው ነጭ ጭረት ብቻ ነው። ተማሪው ግን ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ ስለማያውቅ ሰሌዳ ለሁሉም እንዲሁ የሚታይ ይመስለዋል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ ቤተሰቡም ትምህርት አልሆነለትም ብሎ ይደመድማል።

ታካሚው የማያያቸው አራት ስሕተቶች

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ «አየሁ» ካለ ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ስሕተት ከልክ ያለፈ ሌንስ ነው። የወጣት ዓይን ሌንስ ቅርጹን እየለወጠ ኃይሉን መጨመር ይችላል። የ18 ዓመት ወጣት ከ10 ዳዮፕተር በላይ የማስተካከል አቅም አለው። ለዚህ ወጣት የሚያስፈልገው ሌንስ ከዜሮ በታች 1 ዳዮፕተር ሆኖ ሳለ ከዜሮ በታች 2.5 ቢሰጠው፣ ዓይኑ የ1.5 ዳዮፕተሩን ትርፍ በራሱ ጉልበት አቻችሎ አጥርቶ ያያል። እንዲያውም ፊደሉ ይበልጥ የጠቆረና የደመቀ ሊመስለው ይችላል። መነጽር ቤት ውስጥ ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ለሰዓታት ሲያነብ ግን የዓይኑ ጡንቻ ስለማያርፍ ራሱን ያመዋል። ሕመሙን ከመነጽሩ ጋር የሚያያይዘው የለም።

በብዙ ከተሞች «በኮምፒዩተር እንለካለን» የሚል ማስታወቂያ እናያለን። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ወጣቶች ወደ ውስጡ ሲመለከቱ ዓይናቸው ቅርብ ያለ ነገር የሚያይ ይመስል ሳይታወቃቸው ኃይሉን ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የሚወጣው ቁጥር ወደ ትርፉ ያዘነብላል። የሠለጠነ ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ ቁጥሩን እንደ መነሻ ብቻ ይይዛል። ሬቲኖስኮፕ በሚባል መሣሪያ ከሬቲና የሚመለሰውን ብርሃን እንቅስቃሴ እያየ ያጣራዋል፤ ለሕፃናት ሲያስፈልግ የዓይንን የማስተካከል አቅም ለጊዜው የሚያሳርፍ ጠብታ ይጠቀማል።

ሁለተኛው ስሕተት የሌንስ ማዕከል ነው። እያንዳንዱ ሌንስ ብርሃን ሳይታጠፍ የሚያልፍበት አንድ ነጥብ አለው፤ ይህ ነጥብ ከብሌኑ ትይዩ መሆን አለበት። ቻርልስ ፕሬንቲስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣው ቀላል ቀመር መሠረት፣ የመዛነፉ መጠን በሴንቲሜትር ተለክቶ በሌንሱ ኃይል ሲባዛ ብርሃኑ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጎተት ይነግረናል። የ4 ዳዮፕተር ሌንስ በ5 ሚሊሜትር ቢዛነፍ 0.5 ሲባዛ በ4፣ ማለትም በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሁለቱ ዓይኖች ይህን ለማቻቻል ቀኑን ሙሉ ሲጎተቱ ይውላሉ። ደንበኛውም «እስክትለምደው ነው» ይባላል።

ሦስተኛው ስሕተት ከመነጽር ጥያቄው ጀርባ ያለ በሽታ ነው። ግላኮማ የዕይታን ዳር ዳር እየበላ ሲሄድ መሐሉ ሳይነካ ስለሚቆይ በሽተኛው የሰንጠረዡን የመጨረሻ መስመር ሊያነብ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ በደሙ ያለው ስኳር ሲጨምር የዓይኑ ሌንስ ይለወጥና መነጽር የሚያስፈልገው ይመስላል፤ ስኳሩ ሲስተካከል ደግሞ ያ መነጽር የማያገለግል ይሆናል። አንዳንድ አዛውንት ከዓመታት በኋላ ያለ መነጽር ማንበብ ሲጀምሩ ቤተሰብ «ዓይናቸው ታደሰ» ብሎ ይደሰታል። ብዙ ጊዜ ግን ይህ የሚሆነው የዓይን ሞራ ሌንሱን እያጠጠረ ኃይሉን ስለጨመረው ነው። በሦስቱም ሁኔታዎች በሽተኛው የሚሰማው ነገር እውነቱን አይነግረውም።

አራተኛው በልጆች ላይ የሚደርስ ነው። አንዱ ዓይን ደህና ሆኖ ሌላው ከባድ ጉድለት ሲኖረው ልጁ በደህናው እያየ ያድጋል። አንጎል የደበዘዘውን ምስል ችላ ማለት ይለምዳል፤ ሕክምናው ውጤታማ የሚሆነውም በልጅነት ዕድሜ ሲጀመር ነው። ልጁ አንድም ቀን «አላይም» አይልም።

ከእነዚህ የምንማረው የሙያ ፈቃድ ሐሳብ መሠረት ነው። ደንበኛው በገዛ ስሜቱ ሊፈትሸው የማይችለውን ሥራ አስቀድሞ በደንበኛው ስም የሚፈትሽ ሌላ አካል ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚባለው የዚህ ፍተሻ ምስክር ነው።

ፈቃዱ እንዴት ተጀመረ?

ሙያው ከሕክምና ብቻ አልተወለደም፤ አንዱ እግሩ ፊዚክስ ውስጥ ነው። በሁለት ቀዳዳዎች ሙከራው የምናውቀው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 የራሱን አስቲግማቲዝም ለክቶ ገልጿል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1825 ለራሱ ዓይን በአንድ አቅጣጫ የጎበጠ ሌንስ አሠርቷል። የሆላንዱ ሐኪም ፍራንስ ዶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1864 የዓይንን ብርሃን አጣጣፍና የማስተካከል አቅም በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አደራጅቷል። ዳዮፕተር የሚለውን መለኪያ ያቀረበው ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ሞኖዬ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1872 ነው።

ቀመሩን ከላይ ያየነው ፕሬንቲስ በፈቃዱ ታሪክ ውስጥም ስሙ ይነሣል። በጀርመን አገር ምሕንድስና የተማረው ይህ ሰው በኒው ዮርክ መነጽር ሲሠራ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1892 ለዓይን ምርመራ 3 ዶላር አስከፈለ። ሐኪሞች «መነጽር ሠሪ መነጽር ይሽጥ እንጂ ለምርመራ ገንዘብ የመቀበል መብት የለውም» ብለው ተቃወሙት። ከዚህ ሙግት የወጣው ጥያቄ ምርመራው ራሱን የቻለ ሙያ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የኦፕቶሜትሪ ፈቃድ ሕግ ሚኔሶታ እ.ኤ.አ. በ1901 አወጣች፤ ኒው ዮርክም በ1908 ተከተለች። እስከ 1924 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ለረጅም ዓመታት የመራው ጄምስ ሳውዞልም የፊዚክስ መምህር ነበር።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው ሕግ ሙያውን የሚመዘግብ ምክር ቤት አቋቋመች። ከአህጉራችን ናይጄሪያ በ1989 የራሱን የምዝገባ ቦርድ አደራጅታለች። የአገሮቹ ዝርዝር ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፤ የታወቀ ትምህርት፣ ነጻ ፈተና፣ ምዝገባና እድሳት።

በአገራችን የሚጠየቀው

በኢትዮጵያ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጊዜውም 1998 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ኋላም ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥልጠና መስጠት ጀመረ። ተማሪው በመጀመሪያ የብርሃንን ጂኦሜትሪና ሞገዳዊ ባሕርይ፣ የአካልን አሠራር፣ የዓይንን አወቃቀር፣ በሽታዎችንና መድኃኒቶችን ይማራል። ከዚያም በሆስፒታል ክሊኒክ ውስጥ በመምህራን ቁጥጥር ሥር በሽተኛ እየመረመረ ይለማመዳል።

የጤና ባለሙያ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ የሚከለክለው ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ውስጥ ተካቶ ነበር። አስፈጻሚውም የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነበር። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ባለሥልጣኑ በምግብና መድኃኒት ላይ እንዲያተኩር ሲደረግ የጤና ባለሙያዎች ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። በክልሎች ደግሞ ሥራውን የክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ አካላት ያከናውናሉ።

አመልካቹ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንመልከት። አንደኛው ትምህርት ነው፤ ዲግሪው እውቅና ካለው ተቋም የተገኘ መሆን አለበት። በውጭ አገር የተማረ ሰው ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ያሰጣል። ሁለተኛው ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ምዘና በ2011 ዓ.ም. በጥቂት ሙያዎች ተጀምሮ በየጊዜው ሌሎችን እየጨመረ መጥቷል። ሦስተኛው ሰነድ ነው፤ የዲግሪ ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የጤንነት ማረጋገጫና የአገልግሎት ክፍያ በዋናነት የሚጠየቁ ናቸው። አራተኛው እድሳት ነው። ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ ለማደስ ባለሙያው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። የማመልከቻው ዝርዝር በመመሪያ ሊሻሻል ስለሚችል ተመራቂው ከማመልከቱ በፊት ከክልሉ ጤና ቢሮ ወይም ከሚኒስቴሩ ማረጋገጥ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሕዝቡ የሚያደባልቃቸውን ሦስት ወረቀቶች መለየት ያስፈልጋል። የሙያ ፈቃድ ለሰው ይሰጣል፤ «ይህ ሰው ዓይን መመርመር ይችላል» ይላል። የብቃት ማረጋገጫ ለተቋም ይሰጣል፤ ክፍሉና መሣሪያው ደረጃውን ማሟላቱን ይመሰክራል። የንግድ ፈቃድ ደግሞ ለመሸጥና ለመግዛት ነው። አንድ መነጽር ቤት ሦስተኛውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ስለሰቀለ ብቻ ውስጡ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ይዟል ማለት አይደለም። ፍሬም መሸጥና ዓይን መለካት በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑም የሚጠይቁት ፈቃድ የተለያየ ነው።

ፈቃዱ ድንበር የማይሻገር መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በአገራችን የተመረቀ ኦፕቶሜትሪስት አሜሪካ ቢሄድ ዲግሪውን አሳይቶ ብቻ ሥራ አይጀምርም። በዚያ አገር ሙያው የሚጠይቀው የኦፕቶሜትሪ ዶክተርነት ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ 4 ዓመት የሚወስድ ነው። ብሔራዊው ፈተናም ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሦስተኛው የእጅ ሥራን የሚመዝን የክሊኒክ ፈተና ነው። ይህ ሦስተኛው ክፍል ለእኛም ትምህርት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። የሬቲኖስኮፕን ብርሃን አንብቦ ቁጥር ማውጣት በምርጫ ጥያቄ አይመዘንም፤ ፊዚክስ ላብራቶሪ የሠራ ተማሪ ሁሉ ቀመር በማወቅና በመለካት መካከል ያለውን ርቀት ያውቃል።

ግራና ላይ ሲደርስ

ግራና በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ስሟም ከቆቦ-ግራና ሸለቆ የመስኖ ልማት ጋር ተያይዞ ይታወቃል። በግራና የሚኖር ሰው ለከባድ የዓይን ሕመም ወደ ወልድያ አለያም በዓይን ሕክምና ወደታወቀው፣ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይጓዛል። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ደግሞ የሰሜን ወሎን የጤና ተቋማት ክፉኛ ጎድቷል። እንዲህ ባለ አካባቢ ጥብቅ የፈቃድ ሥርዓት ሕዝቡን ይጠብቃል ወይስ ካለችው ጥቂት አገልግሎት ያርቀዋል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ ዕይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። የዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን ድርሻው ወደ 50 በመቶ ይጠጋል፤ ትራኮማ ያስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ ይይዛል። ከደከመው ዕይታ ግን 33.4 በመቶው ምክንያቱ ያልታረመ የብርሃን አጣጣፍ ጉድለት ነበር። እያንዳንዱ ሦስተኛ ሰው የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምናም መድኃኒትም ሳይሆን ልኩ የታወቀ መነጽር ነበር ማለት ነው።

የጥያቄው መልስ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከላይ ካነሣነው ከራሱ ከመለኪያው ጠባይ ይገኛል። ደንበኛው ስሕተቱን ራሱ ሊያውቅ በማይችልበት ቦታ ሕጉ በሩን አጥብቆ ይዝጋ፤ ሊያውቅ በሚችልበትና ስሕተቱ ጉዳት በማያደርስበት ቦታ ግን በሩን ይክፈት።

ለምሳሌ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ፕረስባዮፒያ እንውሰድ። በ40 ሴንቲሜትር ርቀት ለማንበብ 2.5 ዳዮፕተር ያስፈልጋል፤ በዚህ ዕድሜ የዓይን ሌንስ ስለሚደርቅ ይህን ኃይል ያለ ድካም ማውጣት አይችልም። ልብስ ሰፊው መርፌ ማስገባት፣ እናት ከምስር ውስጥ ጠጠር መልቀም ያቅታቸዋል። ለዚህ የሚሆነው የተዘጋጀ የንባብ መነጽር ርካሽ ነው፤ ሰውየው ሞክሮ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሲያስገባ ውጤቱን ወዲያው ይፈትሻል። በባንግላዴሽ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች የወር ገቢ በ33.4 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት መነጽርን በስፋት ለማዳረስ ዘመቻ ጀምሯል። ይህን መነጽር የሠለጠነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢያድል፣ ከማደሉም ጋር ግላኮማና የዓይን ሞራ የሚጠረጠርበትን ሰው ወደ ሆስፒታል ቢልክ ጥቅሙ ያመዝናል።

ተማሪዎችን መለየትም እንዲሁ ነው። መምህር በ6 ሜትር ርቀት ሰንጠረዥ ሰቅሎ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻው በመፈተን ማን ምርመራ እንደሚያስፈልገው ሊለይ ይችላል፤ ለዚህ የሙያ ፈቃድ አያሻውም። በካርቶን ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ በስቶ ተማሪው በእርሷ በኩል እንዲያይ ማድረግም ይቻላል። ብሌኑ 4 ሚሊሜትር ከሆነ ቀዳዳዋ የብዥታውን ክብ ስፋት ወደ አንድ አራተኛ ትቀንሰዋለች። በቀዳዳዋ ዕይታው ከተሻሻለ ችግሩ መነጽር የሚፈታው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ካልተሻሻለ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ፈጥኖ መላክ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ግን፣ ማለትም የልጅን ዓይን መለካት፣ ጠብታ መጠቀም፣ ቁጥር መጻፍ፣ ለባለፈቃዱ ይተው። የግራና ልጅ የወልድያ ወይም የአዲስ አበባ ልጅ ከሚያገኘው ያነሰ ልኬት ይበቃዋል የሚል ፊዚክስ የለም።

ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው መስፈርቱን ማላላት አይደለም፤ መስፈርቱን ያሟሉ ባለሙያዎችን ወደ ወረዳ ማድረስ ነው። ባለፈቃድ ኦፕቶሜትሪስት በተወሰነ ቀን ከሆስፒታሉ ወጥቶ መምህራን የለዩለትን ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ቢመረምር፣ ሌንሱም በከተማ ተሠርቶ ቢላክ፣ አንዱ ባለሙያ ብዙ ወረዳዎችን ማገልገል ይችላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሬቲኖስኮፕና የሙከራ ሌንሶች ሳጥን በአንድ ሻንጣ ይያዛል።

ለአንባቢው

መነጽር ልታሠራ ስትሄድ ሦስት ነገሮችን ጠይቅ። የሚለካህ ሰው የሙያ ፈቃዱን ያሳይህ፤ ይህን መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም። የተለካው ቁጥር በሁለቱ ብሌኖች መካከል ካለው ርቀት ጋር በወረቀት ተጽፎ ይሰጥህ። ከማሽኑ ቁጥር በኋላም በሙከራ ሌንስ ወይም በሬቲኖስኮፕ የማጣራት ሥራ መሠራቱን ተመልከት።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ መንገዱ ከወዲሁ ይጀምራል። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን ማለፍ ያስፈልጋል። ባዮሎጂን የሚወድ ተማሪ የሌንስን ምዕራፍ እንደ ሸክም፣ ፊዚክስን የሚወድም የሰውነትን ምዕራፍ እንደ ሽምደዳ ሊያየው ይችላል። በኦፕቶሜትሪ ሁለቱ አይነጣጠሉም። በክፍላችሁ ያለውን መሐሉ የወፈረ ሌንስ አንሡና የመስኮቱን ምስል በወረቀት ላይ አሳርፉ፤ ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ 1ን ለእርሱ አካፍሉ። መስኮቱ ራቅ ያለ ከሆነ የምታገኙት ቁጥር የሌንሱ ኃይል በዳዮፕተር ነው፤ ኦፕቶሜትሪስቱ በወረቀት ላይ የሚጽፈውም ይህንኑ ዓይነት ቁጥር ነው።